ለካፒቴን የተቀቀለ ሳንባ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዕቃ ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ከአንቺ በር ሥር የሚቀቀል ሳንባ ሸተተኝ። ጨው ያልገባበት፣ ሽንኩርት ያልነካው፣ ባዶ ሳንባ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ይሆናል፤ እኔ ግን ፌስታሌን መሬት አስቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ መሆኔን ረሳሁት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ቦሌ ቤታችን ጓሮ፣ ከሰል ላይ ከተጣደች ጥቁር ድስት አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ወጥተሽ ድመትሽ ሽንት እንደከለከለው ስትነግሪኝ ሳላስበው አፌ ተከፈተና ውሃውን ከምግቡ አርቂው፣ አሸዋውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪው፣ ቀን ሙሉ ጠብታ ካልወጣው ደግሞ እንዳታድሪ፣ ሐኪም ዘንድ ሩጪ አልኩሽ። «እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?» ብለሽ ሳቅሽ። ትናንት ቸኩዬ ነበር። ዛሬ ልንገርሽ።

አባቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አይርቅም ነበርና አውሮፕላን ሲነሣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ፣ ወሬያችን ለአፍታ ይቋረጥ፣ ከዚያ ከቆመበት ይቀጥል ነበር። አባቴ ማታ ሲገባ ልብሱ የነዳጅና የደረቅ ሳሙና ሽታ ነበረው። አንድ ቀን በጃኬቱ ኪስ የድመት ግልገል ይዞ መጣ። ከዕቃ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘው። ግራጫ ዥንጉርጉር ሆኖ ደረቱ ላይ ነጭ ስለነበር ሸሚዝ የለበሰ ይመስላል። «እኔ አውሮፕላን ከመጠገን አላለፍኩም፤ እሱ እንኳ ያብርርልኝ» አለና ካፒቴን ብሎ ስም አወጣለት።

እናቴ ድመት አትወድም ነበር። «ያንተ ድመት» ነበር የምትለው። «ያንተ ድመት አልጋ ላይ ወጣ።» «ያንተ ድመት መጋረጃውን ቀደደው።» አባቴ ለሥልጠና ወይም ለሥራ ውጭ ሲላክ ለካፒቴን ደረቅ የድመት ምግብ በከረጢት ያመጣ ነበር፤ በጥርሱ ሲሰብረው ጠጠር የሚረገጥ ያህል ይንኮሻኮሻል። በሰፈራችን እንደዚያ ያለ ነገር ያየ ሰው ስላልነበረ ጎረቤቶች «ድመት ብስኩት ይበላል እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር። ካፒቴን ግን ሌላ ምግብ አያውቅም። ውሃም ብዙ አይጠጣም፤ ሣህኑን አሽትቶ ይሄዳል። ያኔ ይህ ነገር ለማናችንም ምንም አልነበረም።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ለሥልጠና ሲሄድ ከረጢቱን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦ እናቴን «ከዚህ ሌላ እንዳትሰጪው፣ ሆዱ ይበላሻል» አላት። «እስክመለስ ይበቃዋል። ለመስቀል እደርሳለሁ።» ግንባሬን ሳመኝና ሄደ።

መስቀል መጣና አለፈ። አብረውት የሄዱት ተመለሱ። እሱ አልተመለሰም። «ቀረ» ተባለ። በዚያን ጊዜ ይህች ቃል ማብራሪያ አያስፈልጋትም ነበር፤ ሰው «እገሌ ቀረ» ሲል ድምፁን ይቀንሳል፣ ሰሚውም ወዴት ብሎ አይጠይቅም። የቀረ ሰው ከሃዲ ነው። ቤተሰቡም ቢሆን ከጥርጣሬ አይተርፍም።

እናቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከአለቃዋ ቢሮ አንሥተው መስኮት ወደሌለው መዝገብ ቤት አወረዷት። ቀበሌ እየጠሩ ይጠይቋት ጀመር። እሑድ እሑድ ይመጡ የነበሩት የአባቴ ጓደኞች እግራቸውን ሰበሰቡ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙን የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ ይላሉ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እንኳ አብራኝ መሄድ ትታ በሌላ መንገድ መዞር ጀመረች። «እናቴ ነች የከለከለችኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ሰብራ። አልተቀየምኳትም። ግን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ያለው መንገድ በጣም ረዘመብኝ።

ቤት ስገባ የሚቀበለኝ ካፒቴን ነበር። እሱም ቢሆን የሚጠብቀው እኔን አልነበረም። ማምሻውን የሠራተኞች ሰርቪስ ጥጉ ላይ ሲቆም የአጥሩ ምሰሶ ላይ ይወጣና ጅራቱን እግሩ ላይ ጠምጥሞ ይቀመጣል። የሌሎች ልጆች አባቶች አንድ በአንድ ይወርዳሉ። አውቶቡሱ ይሄዳል። ካፒቴን አቧራው እስኪጠፋ ያያል፣ ከዚያ ዘሎ ይወርዳል። እናቴ በመስኮት ታየው እንደነበር አውቃለሁ። አንድም ቀን አላነሣችውም።

እናቴ በዚያ ወቅት ንግግር ትታ ነበር። «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «በሩን ዝጊ» ከማለት አታልፍም። የአባቴን ስም ጭራሽ አትጠራም። አንድ ነገር ግን ታደርግ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከረጢቱን አውርዳ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ለካፒቴን ትሰፍርለታለች። እየቆየ ስፍሩ ማነሱን አየሁ። መጀመሪያ ኩባያው ይሞላ ነበር፤ በኋላ ጎደለ፤ በኋላ የኩባያውን ወለል ብቻ የሚሸፍን ሆነ። እስክመለስ ይበቃዋል ብሎ የለ? ምግቡ ካላለቀ፣ የሚመለስበት ጊዜም ገና አላለፈም ማለት ነው። ይህን በቃል አልነገረችኝም። ከረጢቱን በመዳፏ ከፍ አድርጋ ስትመዝነው ፊቷን አይቼ ነው ያወቅኩት።

ከጥምቀት በኋላ ካፒቴን ተለወጠ። አሸዋ የሞላነው ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል፤ ተመልሶ ይገባል። አሸዋው ግን ደረቅ ነው። ሲቆይ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። ከጅራቱ ሥር ከመላስ በቀር ሌላ ነገር አያደርግም። እናቴ ሆድ ድርቀት መስሏት ዘይት አላሰችው።

እሑድ ጠዋት ሲጮህ ነቃሁ። የድመት ጩኸት አይመስልም፤ ሕፃን የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። ሳፋው አጠገብ ተኮራምቶ አስታውኳል። ሆዱን ስነካው ውስጡ ብርቱካን ያለበት ያህል ጠጥሯል። ነካሁት እንጂ አልጫንኩትም፤ ቢሆንም ዘወር ብሎ ነከሰኝ። ነክሶኝ አያውቅም ነበር።

በዚያው ሰዓት የቀበሌው ሰው በድምፅ ማጉያ እየለፈለፈ በመንገዳችን አለፈ። ስብሰባ ነው፣ የቀረ ወዮለት ይላል። እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ደርሳለች። የሷ ስም ሲጠራ «አለሁ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ ምን እንደሚከተል እኔም አውቅ ነበር። ካፒቴን እንደገና ጮኸ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን በሩን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣

«ቅርጫቱን አምጪ» አለችኝ።

«ስብሰባውስ?»

«ስብሰባው ሰው ሞልቶታል። እሱ ግን ማን አለው?»

ቅርጫቱ ውስጥ አስተኛችው፣ ነጠላዋን አለበሰችው። የምናውቀው የእንስሳት ሐኪም አንድ ብቻ ነበር፤ ከገርጂ ማዶ ባለ የወተት ላሞች እርባታ የሚሠራ። ታክሲ አልነበረምና በእግራችን ሄድን። ያኔ ያ ሁሉ አሁን ፎቅ የሞላበት ቦታ የታጨደ የጤፍ ማሳ ነበር። ገለባው በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ እግር ይወጋል። እናቴ የቢሮ ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ ቅርጫቱን ላግዝሽ ስላት እንቢ አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ እያለች «አይዞህ፣ ደረስን፣ አይዞህ» ትለው ነበር። ከዚያን ቀን በፊት አንድም ቀን በደግ ቃል አናግራው አታውቅም።

ሐኪሙ ረጅም ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቅርጫቱን ገለጥ አድርገው አዩና «እመቤት፣ እኔ ላም ነው የማክም» አሉ። እናቴ ቅርጫቱን እንደያዘች ትክ ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ፊቷን አዩና እጃቸውን ለመታጠብ ሄዱ።

ሆዱን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት። «ሽንቱ ተዘግቷል» አሉ። «ወንድ ድመት የሽንቱ መውጫ ከክር አይወፍርም። ውስጡ አሸዋ የመሰለ ነገር ሲጠራቀም ይደፈናል። እስከ ነገ ብታቆዩት ኖሮ አላተርፈውም ነበር።» ማደንዘዣ ወጉት። ከዚያ እንደ ሣር ሰበዝ የቀጠነች ቱቦ አወጡ። እናቴ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ቱቦዋ አልገባ ብላ ብዙ ታገሉ፤ የግንባራቸው ላብ በአፍንጫቸው ሲወርድ ይታየኛል፤ ከውጭ የላሞች ድምፅ፣ የእበትና የትኩስ ወተት ሽታ ይመጣል። ድንገት ደም የቀላቀለ ሽንት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ በሽንት የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሐኪሙ «ተመስገን» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ይጠይቁ ጀመር። ምን ይበላል? እናቴ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደረቁን ይተዉት። ውሃ የማይጠጣ እንስሳ ደረቅ ብቻ ሲበላ ሽንቱ ይወፍራል። ሳንባ በውሃ ቀቅለው ከነመረቁ ይስጡት። ሳንባ ብቻ ግን አይበቃም፤ ልብ ቀላቅሉበት፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ጉበት። ጨውና ሽንኩርት እንዳይነካው።» ወደ እኔ ዞር ብለው «አንቺ ደግሞ አሸዋውን ጠዋት ማታ እዪ። ረጥቦ ካላገኘሽው ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ።

እኛ ልንነሣ ስንል «ሌላም ነገር አለ» አሉ። «መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፤ ግን አይቻለሁ። ድመት ሲጨነቅ ሽንቱን ይይዛል። በቅርቡ ቤታችሁ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?»

እናቴ ነጠላዋን ካፒቴን ላይ አስተካከለች። እኔ ወለሉን አየሁ። ለቀበሌው፣ ለመሥሪያ ቤቷ፣ ለዘመድ ስትመልስ «አላውቅም» ብቻ ነበር የምትለው።

«ባለቤቴ ሄዷል» አለች። «የሚመለስ አይመስለኝም።»

ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪሙ ወዴት ሄደ ብለው አልጠየቁም። መሃረብ ከኪሳቸው አውጥተው ንጹሕ አለመሆኑን ሲያዩ ደብቀው መለሱት። «እንግዲያውስ ሁላችሁም ውሃ ጠጡ» አሏት ቀስ ብለው።

ቤት ስንደርስ ከረጢቱን ከቁም ሳጥን ላይ አወረደችው። ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንደ ልማዷ በመዳፏ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ አልመዘነችውም ግን። ጓሮ ካለው የቆሻሻ ጉድጓድ ደፋችውና ከረጢቱን አጣጥፋ እላዩ ላይ ጣለችው።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ሳይቀመጥ «ጓዲት፣ ትናንት የት ነበሩ?» አላት።

«ሕመምተኛ ይዤ ሐኪም ዘንድ።»

«ማን ታመመ?»

«ካፒቴን።»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «የምን ካፒቴን? እዚህ ቤት ካፒቴን አለ?» እናቴ በጣቷ አሳየችው። ካፒቴን መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ገና ከማደንዘዣው ሳይነቃቃ ተጋድሟል። ሰውዬው ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። «እዚህ ቤት ቀልድ አላለቀም» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የቀበሌ ሱቅ ስንሄድ ስኳር ለእኛ አልቋል እየተባልን ከረምን። እናቴ ሻይዋን ባዶውን መጠጣት ለመደች። አላማረረችም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ሳንባ የሚገኘው ወሎ ሰፈር፣ ሙስሊሞቹ ዘንድ ብቻ ነበር። እናቴና እኔ አብረን ሄድን። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሳንባውን በጋዜጣ ሲጠቀልሉ ከኋላችን የቆመ ሰው «ሰው በሚራብበት ዘመን ለድመት!» አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ሴትየዋ ግን «ሳንባ አንተ ትበላለህ?» አሉት። ከዚያ እናቴን ወደ ጓዳ አስገብተው በርጩማ ሰጧት።

«የማን ሚስት እንደሆንሽ አውቃለሁ» አሏት። እናቴ ልትነሣ ስትል ትከሻዋን ያዟት። «አብሽሪ፣ ልጄ። አላህ የሄደውን ይመልሳል። ባይመልሰውም የቀረውን ያኖራል። ሳንባውንም ልቡንም እኔ አስቀምጥልሻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነዪ።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን ወሎ ሰፈር ሆነ። ከአባቴ መቅረት ወዲህ ሰው ቤት ገብተን የተቀመጥነው እዚያ ብቻ ነው።

ሳንባውን ጓሮ፣ ከሰል ላይ እንቀቅለዋለን። መጀመሪያ ይነፋል፣ ክዳኑን ይገፋዋል፣ ከዚያ ያ የምታውቂው ሽታ ይመጣል። እናቴ በረድ ሲል በእጇ ትቆራርጠዋለች፣ መረቁን ታፈስበታለች። ውሃ በየጥጉ አስቀመጠች፤ በሩ ሥር፣ መስኮቱ ላይ፣ ከአልጋዬ አጠገብ። ካፒቴን ግን ከሁሉ የወደደው ከጓሮ ቧንቧ የሚንጠባጠበውን ነበር። ቧንቧውን ጠበቅ አድርጋ ትዘጋ የነበረችው እናቴ ለሱ ብላ ላላ አድርጋ መተው ጀመረች። እኔ አሸዋውን አያለሁ። «ረጥቧል» ስላት «ጎሽ» ትላለች፤ ለእኔ ይሁን ለሱ አላውቅም።

እያበላችው ታወራው ነበር። መጀመሪያ «ና፣ ጌታው፣ ጠጣ» ብቻ ነበር። እየቆየ ሌላም ጨመረች። «አባትህ እኮ ልክ እንዳንተ ውሃ ጠጣ ሲሉት አይሰማም ነበር።» «አባትህ ሲያጨኝ ምን ይዞ እንደመጣ ልንገርህ? የተሰበረ ሬዲዮ። ልጠግንልሽ ነው ብሎ።» እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ስገባ ታቆማለች። ስለዚህ አለመግባትን ተማርኩ። ስለ አባቴ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅኩት ከዚያ በር ላይ ነው፤ ለድመት ሲነገር። አንዳንዴ ዞር ብላ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ብዬ እቀየማታለሁ። ከዚያ ካፒቴን ሣህኑን ሲልስ እሰማለሁ፤ ድምፁ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ያስመስለው ነበር።

በሌላው ዓመት ክረምት ላይ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ማምሻውን በጓሮ በር ገባች። ዝናብ አበስብሷታል፣ ለመቀመጥም ፈራች። አባቴ የላከውን ዕቃ አስቀምጣ ሄደች። ለእኔ ጫማ፣ ለእናቴ ሻርፕ ነበር። ጫማው ጠበበኝ፤ እግሬ አድጎ ነበር። ከሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ከረጢት ደረቅ የድመት ምግብ።

እናቴ ከረጢቱን አገላብጣ አየችው። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ድምፅዋ ግን ልስልስ ያለ ነበር።

«አያውቅማ» አለች። «ከየት ያውቃል።»

ጠዋት ለጎረቤት ውሻ ሰጠችው። ቁርስ ስንበላ በአጥሩ በኩል ሲያንኮሻኩሽ ይሰማን ነበር። ካፒቴን እግሯ ሥር ሆኖ መረቁን ይጠጣል።

ካፒቴን ረጅም ዕድሜ ኖረ። ሽንቱ ዳግመኛ አልተዘጋም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ አርጅቶ ነበር፤ ምሰሶው ላይ መውጣት ትቶ ማምሻውን በሩ ሥር ይተኛል። አንድ የበጋ ጠዋት እዚያው ተኝቶ ቀረ። ከኮባው ሥር ቀበርነው። እናቴ አፈሩን በእጇ ደልድላ ቆማ «አላስቸገረኝም» አለች።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አባቴ መጣ። ለጉብኝት ነው። እዚያ ሌላ ቤት፣ ሌሎች ልጆች እንዳሉት ሰምተን ነበር፤ እሱም አልደበቀም። ጠጉሩ ነጥቷል፣ ጥሩ ኮት ለብሷል፣ ሽታው ሌላ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወሬ አለቀበትና ዙሪያውን አየ።

«ካፒቴንስ?» አለ።

እናቴ ያን ያህል ስትናገር ሰምቼአት አላውቅም። ሁሉንም ነገረችው፤ ሳፋውን፣ ብርቱካን የመሰለውን ሆድ፣ የጤፍ ማሳውን፣ ሐኪሙን፣ ቀጭኗን ቱቦ፣ የወሎ ሰፈሯን ሴት፣ ሳንባና ልቡን፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ። ስለ መዝገብ ቤቱ አልነገረችውም። ስለ ስኳሩም፣ ሰላምታ ስለነሡን ወዳጆቹም፣ ስለ ሰርቪሱም አልነገረችውም። አባቴ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ ሰማት።

«እንደዚያ ታሞ እንዴት ዳነ ታዲያ?» አላት።

«እኛ ነበርንለት» አለችው።

ከዚያ ምሳ ልታቀርብ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱ በኖረበት ቤት፣ የእጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ተነሥቼ ፊት ፊቱ እየሄድኩ መራሁት።